ሁለት እጅ፣ አንድ ሬሳ

ከተደረደሩት ሬሳዎች አንዱ ጫማ አድርጎ ነበር።

ሃምሳ አለቃ አሻግሬን ከጣቢያ ያስጠራው ይኸው ጫማ ነው። በዚያ በ1966 የካቲት፣ መካነ ሰላም ላይ ሰው ሞቶ ማደሩ ፖሊስ የሚያስጠራ ወሬ አልነበረም። ከቆላው የወጣው ረሃብተኛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተኮልኩሎ ያድራል፤ ሲነጋ ገሚሱ ይነሣል፣ ገሚሱ አይነሣም። ቀባሪዎች ደግሞ የማን ልጅ ነህ ሳይሉ ያልተነሣውን በቃሬዛ ይወስዱታል። ሁዳዴ ገና መግባቱ ነው ይባላል እንጂ ቆላው መጾም ከጀመረ ቆይቷል። ታዲያ ያን ዕለት ጠዋት ከቀባሪዎቹ አንዱ የሬሳ እግር ሲያነሣ ጥቁር የቆዳ ጫማ እጁ ውስጥ ገባ። ረሃብተኛ ጫማ የለውም። ቢኖረው ኖሮ ሸጦ በልቶት ነበር።

«ወዲያ በሉ እስቲ!» አለ አሻግሬ፤ ዝንቡን ይሁን ሰዉን አልታወቀም።

አሻግሬ የከላላ ገበሬ ልጅ ነው። ፖሊስነቱን ሰው ያከብርለታል፤ አንድ ነገር ግን ያሳቅበታል፤ ሽታ አይችልም። ሬሳ ባየ ቁጥር አንገት ልብሱን አፍንጫው ላይ ይጠመጥማል፤ «አፍንጫው መጣ» እያሉ ይጠቃቀሱበታል። ያን ዕለትም ተጠምጥሞ ጎንበስ አለ። የሞተው መምህር መልአኩ ነበር።

መልአኩ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ደመወዙን ለረሃብተኛ እየበተነ ራሱ የመነመነ ሰው ነው። ቁስል የለበትም። ጉልበቱ ታጥፎ ደርቋል። ኮቱን ሲገልጡት በሁለቱ ብብቶቹ ሥር ገመድ የላጠው ቀይ ሰንበር ታየ። ደረቱ ላይ አጫጭር የዳማ በቅሎ ጸጉር ተለጥፏል። የእጆቹ ጥፍሮች በግራጫ ትቢያ ተሞልተዋል። አሻግሬ እንደ ምንም ብሎ አንገት ልብሱን ፈታና አንዱን ጣት አሸተተ። የሚያውቀው ሽታ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ግማት መሐል የምን እንደሆነ ሊለየው አልቻለም።

«መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ» አሉ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት። «ጎሕ ሲቀድ ኪዳን ልደርስ ስገባ ነው። ከአጥሩ ሥር ኩርምት ብሎ አየሁትና ግንባሩን ዳሰስኩት። ይሞቃል! ነፍሱ ያን ጊዜ መውጣቷ ነው።»

«ኧረ የኔታ፣ ይፍቱኝ» አለች ብርሀንነሽ። ብርሀንነሽ ከአጥሩ በር ላይ የረሃብተኛውን አጥሚት የምታማስል ሴት ናት። «እርስዎ ሲጮኹ ከእሳቱ ተነሥቼ መጣሁ፤ እኔም ግንባሩን ነክቼዋለሁ። በረዶ ነው! ድንጋይ ነው እንጂ ሰው አይመስልም።»

«እኔ ዋሸሁ?»

«እኔስ ምን በወጣኝ የኔታ?»

ሰዉ ለመሪጌታ ፈረደ። የቅኔ መምህር ቆሞ ሳለ የድስት አማሳይ ቃል ማን ይሰማል! መምህሩ የሞተው ጎሕ ሲቀድ ነው ተባለ። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ ኪዳን ላይ ነበር። ከመምህሩ ጋር በአደባባይ የተሰዳደቡት ግራዝማች በላይ እንኳ ፊት ለፊት ቆመው ኪዳን ሲያደርሱ ታይተዋል። ያልታየች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሸጋዬ።

ሸጋዬ ባሏንና ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ ከቆላ የወጣች፣ መልአኩ አንሥቶ ቤቱ ያስገባት ሴት ናት። ምግቡን የምትሠራው እሷ ነበረች። ሕዝቡ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። «መርዝ አብልታው ነው! ቢያጎርሳት ነከሰችው!» እያለ እየጎተተ አመጣት። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ማለት ይህ ነው።

የወረዳው ሹም በካባ ተጠቅልለው መጡ፤ ከሬሳው ራቅ ብለውም ቆሙ።

«ሴትዮዋን ከሰዓት በኋላ በሚወጣው መኪና ደሴ ላካት። ፋይሉንም ዝጋ» አሉ። «ደግሞ ረሃብ የሚባል ቃል እንዳትጽፍ። አዲስ አበባ ወታደሩም ታክሲ ነጂውም አጉረምርሟል፤ እኛ ደግሞ ነገር አንጨምርም።»

«እነዚህን በምን ሞቱ ልበል?» አለ አሻግሬ ወደ ተደረደሩት እያመለከተ።

«በተስቦ።»

 በዚያ ዘመን ጠያቂ የሌለው እስረኛ ፍርድ ሳይደርስለት አፈር ይደርሰው ነበር። መኪናው ከወጣ ሸጋዬ አለቀላት።

*

ጣቢያው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችበትም።

«ትናንት ማታ ራቱን በላ?»

«በላ ጌታዬ።»

«አይቼዋለሁ፣ ሰሃኑ ባዶ ነው። እጁን ያስታጠብሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በልቶ ሲጨርስስ?»

«አሁንም እኔው። እጁን ሳይታጠብ የሚነሣ ሰው አለ እንዴ ጌታዬ?»

«እኮ! ሁለት ጊዜ የታጠበ እጅ ነዋ። ታዲያ ጥፍሩ ውስጥ ያለውን ትቢያ ማን ጎሰጎሰው?»

ሸጋዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች።

«አልበላም» አለች በመጨረሻ። «ጭራሽ አልመጣም። ጠበቅኩት፤ ሽሮው ቀዘቀዘ። አንድ ጉርሻ ብቻ ብዬ ከፈትኩት… ከዚያ ወዲያ እጄ እንቢ አለኝ። ሰሃኑን ሳይቀር ላስኩት። እሱ ያነሣኝ ሰው፣ ጦሙን አድሮ እንደሆነ እያሰብኩ ላስኩት! ጠዋት ሲጠይቁኝ በላ አልኩ። የጌታዋን ራት የሰረቀች ሌባ እንዳልባል አፈርኩ።»

«ገዳይ ከመባል ይሻል ነበር እኮ።»

«ይህን አላሰብኩም። አፈርኩ ብቻ።»

«አብሽሪ» አለ አሻግሬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። አቅለሸለሸው። በእሷ አይደለም፤ በልታ እንዳይታወቅባት ሞትን ልትከናነብ በደረሰችው ነገር ነው። መርዝ የተባለውን ምግብ እሷው በልታ እነሆ በሕይወት አለች። ግን ይህን ለዚያ ሕዝብ ቢነግረው «ፖሊሱንም አስነካችው» ይለዋል።

«ሲወጣ ምን ብሎሽ ነበር?»

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘንጉን ይዞ ወጣ። ‹የሚታየውን አይቻለሁ፤ አሁን ሄጄ ያለውን ልይ› አለኝ። መቼም ንግግሩ እንዲህ ነው።»

ንግግሩስ አሻግሬም ያውቀዋል። መልአኩ ልጆቹን ስለ ጥንት ግሪኮች ሊቃውንት ያስተምር ነበር። ቀጥ ያለ የወይራ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ይነክርና «ተሰብሯል?» ይላል። ልጆቹ ተሰብሯል ይላሉ። ያወጣዋል፤ ቀጥ ያለ ነው። «ዓይናችሁ የነገራችሁ ሌላ፣ ያለው ሌላ» ይላል። አንድ እሑድ አሻግሬ ቤቱ ሄዶ ሳለ ሦስት ሳፋ ውሃ አቀረበለት፤ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ለብ ያለ። «ከግሪኮቹ ገሚሱ ለእያንዳንዱ ሰው የመሰለው ለእሱ እውነት ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ የለም፣ ከመምሰል ጀርባ መሆን አለ፣ እሱን ፈልግ ይላል። እጅህን ንከርና ፍረድ» አለው። አሻግሬ ነክሮ ሳቀ። «ግሪኮችህ ጠግበው ነው» ብሎት ነበር። አሁን ያ ሳቁ ትዝ ሲለው አፈረ።

ዘንጉ ከሬሳው ጋር አልተገኘም። ቤቱ ውስጥም የለም።

*

ግራዝማች በላይ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። አጠገባቸው ነጭ በቅሏቸው ጭድ ትበላለች። ጭሰኞቻቸው አልቀው እርሳቸው ስለ እርቦ፣ ከምርቱ ስለሚደርሳቸው ሩብ፣ ያወራሉ፤ እንኳን ሰው መሬቱ የሚጸየፋቸው ሰው ናቸው።

«እኔ ገደልኩት ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«ተሰዳድበዋል ይባላል።»

«ሰድቤዋለሁ። ግሪክ ግሪክ ሲለኝ፣ ግሪክ በልቶ ያድራል ወይ አልኩት። ሌባ አለኝ፤ ለማኝ አልኩት። ስማ አሻግሬ፣ እኔ ክፉ ነኝ። አገር ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ክፉ የሆነ ሰው አንድ የሚያርፍበት ነገር አለ፤ ደግ ለመምሰል አይደክምም። ልጁን ብገድለው ኖሮ ደጄ ላይ ጥዬው እተኛ ነበር።»

«የእህል ጉድጓድ አለዎት?»

«አራት። ሂድና እያቸው፤ ክፍት ናቸው፣ ድመት ወልዳባቸዋለች። ለነጋዴ ሸጬ ጨርሻለሁ።» ሳቁ። አሻግሬ ሄዶ ጉድጓዶቹን አየ፤ እውነትም ድመት ወልዳለች። ሲወጣ መሬቱ ላይ ተፋ።

መሪጌታን ከቅኔ ቤታቸው ደጃፍ አገኛቸው።

«የኔታ፣ ሬሳውን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ታጥበው ነበር?»

«ሳልታጠብማ ቤተ መቅደስ ልገባ ነው? ከምንጩ ታጥቤ መጣሁ። የንጋት ውሃ እኮ ነው፤ ጣቶቼ የእኔ አልመስል ብለውኝ ነበር።»

«ስትገንዙት አውራ ጣቶቹን እንደ ደንቡ አገጣጥማችሁ አሰራችሁ?»

«ምኑ ይታሰራል! ክንዱ እንቢ አለን፤ እንጨት ሆኗል። በግድ ነው ያገጣጠምነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከእርሱ ጋር ስንት ቀን ተከራክሬያለሁ መሰለህ። እነዚያ አረመኔ ሊቃውንቱ ግን እግዜር ይማራቸውና አንዳንዱን አልሳቱትም።»

አሻግሬ እጅ ነሥቶ ወደ አጥሩ በር ወረደ።

እዚያ የረሃብተኛው እናት አሉ። እሜቴ ወርቂቱ! ስማቸው ሲጠራ የማይመርቅ የለም። የእህል ነጋዴ ሚስት የነበሩ ባልቴት ናቸው። መጥቶ የቆመው የእርዳታ ስንዴ ማስቀመጫ ሲያጣ መጋዘናቸውን በነጻ ሰጥተዋል። በየቀኑም አጥሚት አስፈልተው በገዛ እጃቸው ይቀዳሉ፤ ረሃብተኛው እጃቸውን እየሳመ ይቀበላል። መሪጌታ ሳይቀሩ እጃቸውን ስመዋል።

«መርሐባ አሻግሬ ልጄ! ና ቅመስ፤ ከድሃ ጋር የቀመሰ ይባረካል።»

«እህሉን ከየት ያገኙታል እሜቴ?»

«ከገበያ ነዋ፣ የአንገቴን ወርቅ ሸጬ። ከጎተራ የወረደ ንጹሕ ስንዴ ነው።»

«የእርዳታው ስንዴስ?»

«እሱማ አደራ ነው! ከላይ ትእዛዝ ሳይመጣ አንዲት ፍሬ አልነካም። መምህርም እግዜር ነፍሱን ይማረውና ስለ እሱ ሲጨነቅ ነበር።»

ጽዋውን ተቀበለና አንዴ ተጎነጨ።  አጥሩን ዞሮ ያንኑ ጉንጭ አስመለሰው። ብርሀንነሽ ሳቀች፤ «አፍንጫው! ለሆዱም አፍንጫ አለው!» አለች። አንድ ሽማግሌ እየተንፏቀቀ መጣና ከእጁ ጽዋውን ወሰደ።

«አትድፋው ልጄ፣ ማር ነው! ማር!» እያለ ጨለጠው፤ ጣቱን አዙሮ ጠረገው፤ ጣቱንም ላሰው።

አሻግሬ አፉን እየጠረገ ቆሞ ቀረ። አንድ ድስት፣ አንድ አጥሚት። ለእሱ የሻገተ፣ ለሽማግሌው ማር። መልአኩ አንድ ጊዜ «ለታመመ ሰው ማር ይመርረዋል፤ ማሩ ግን ያው ማር ነው» ብሎት ነበር። እዚህ ተገልብጧል፤ ለተራበ ሰው የሻገተው ይጣፍጠዋል፤ ሻጋታው ግን ያው ሻጋታ ነው። የጠገበ አፍ ካልቀመሰው ማንም አያውቀውም። የጠገበው ደግሞ ከረሃብተኛ ጽዋ አይቀምስም!

ያን ጊዜ ሽታው መጣለት። የመልአኩ ጥፍር፣ ያ ግራጫ ትቢያ። ጉድጓድ ጉድጓድ የሚል እህል፣ ከላላ ከአባቱ ቤት የሚያውቀው።

*

የመኪናው ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ተነፍቷል። ሸጋዬ እጇን እንደታሰረች የእሜቴ ወርቂቱ መጋዘን ውስጥ ቆማለች። ሹሙ፣ ግራዝማች፣ መሪጌታ፣ ብርሀንነሽና ቀባሪዎቹ ተጠርተው መጥተዋል። በሩ ላይ ረሃብተኛው ተደራርቧል፤ እሜቴን ካየ ጽዋ ያየ ይመስለዋል።

«አሳጥረው» አሉ ሹሙ።

«አሳጥረዋለሁ። ጌታዬ፣ ቀኝ እጅዎን በዚህ ሳፋ፣ ግራ እጅዎን በዚያኛው ይንከሩልኝ።»

«ምን የሚሉት ቀልድ ነው?»

«ፋይሉን ልዘጋ ነው።»

ሹሙ እያጉረመረሙ ካባቸውን ሰበሰቡና ነከሩ፤ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ የምንጭ ውሃ። ጥቂት አቆይቶ ሁለቱንም እጃቸውን መካከለኛው ሳፋ ውስጥ አገባላቸው።

«ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?»

ሹሙ አፋቸውን ከፈቱ። «ቀኜ… ቀኜ ይቀዘቅዛል ይላል። ግራዬ ይሞቃል ይላል። አጀብ!»

«ውሃው አንድ ነው። የኔታ በምንጭ ውሃ የደነዘዘ እጅ ይዘው መጡ፤ ሬሳው ሞቃቸው። ብርሀንነሽ ከእሳት ተነሥታ መጣች፤ ሬሳው በረዳት። ሁለቱም አልዋሹም። የነገሩን ግን የሬሳውን ሳይሆን የገዛ እጃቸውን ነው። ሬሳው የሚናገረው በክንዱ ነው። ክንዱ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ የሞተ ሰው ወዲያው እንዲህ አይደርቅም። መምህሩ የሞተው ዋዜማውን፣ ሲመሽ ነው። እንግዲህ ኪዳን ላይ ነበርኩ የሚል ሁሉ ምስክርነቱን ያንሣ።»

ግራዝማች ከከንፈራቸው መፋቂያውን አወጡ። «ልጅቷስ? ራት አብልታዋለች አይደል?»

«አላበላችውም። ያልታጠበ እጅ ይዞ የሞተ ሰው ራቱን አልበላም። ራቱን የበላው ሌላ ተርቦ የነበረ ሰው ነው፤ ደህና ነው፣ እዚሁ አለ።» ወደ ሸጋዬ አላየም። «በብብቱ ሥር የገመድ ሰንበር አለ። ሰው በብብቱ የሚታሰረው ለምንድን ነው? ጉድጓድ ሲወርድ ነው። ጥፍሩ ውስጥ ያለው የሻገተ የስንዴ ትቢያ ነው። ደረቱ ላይ የዳማ በቅሎ ጸጉር አለ። ጉልበቱ ታጥፎ መድረቁም በቅሎ ላይ ታጥፎ ስለተጫነ ነው። የግራዝማች በቅሎ ነጭ ናት። ዳማ በቅሎ ያለችው በዚህ ግቢ ነው።»

«ልጄ፣ በእኔ ላይ ነው?» አሉ እሜቴ ወርቂቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። በበሩ ያለው ሕዝብ አጉረመረመ። መሪጌታ አማተቡ።

«ከገበያ የተገዛ የጎተራ ስንዴ ነው ያሉኝ አጥሚት ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል እሜቴ። እነዚህ አላወቁም፤ ተርበዋል። እኔ ጠግቤያለሁና አወቅኩት።» ሳንጃውን መዘዘና ላይኛውን ጆንያ ወጋው። ስንዴ ፈሰሰ። ዝቅ ብሎ ከሥሩ ያለውን ወጋ። ገለባ። ሦስተኛውን ወጋ። ገለባ። «መምህሩም ትናንት በዘንጉ ይህንኑ አደረገ። ላዩ ስንዴ፣ ውስጡ ገለባ።»

«ሌባ ገብቶብኝ ነው!»

«ስንዴውን አውጥቶ፣ ገለባ ሞልቶ፣ አፉን ሰፍቶ፣ መልሶ ደርድሮ የሚሄድ ሌባ?» በጫማው መሬቱን መታ፤ ጠንካራ ነው። ወደ ጥጉ ሄዶ መታ፤ በእበት አዲስ የተለቀለቀው ቦታ ዱም አለ። «ይህስ?»

«የሟቹ ባሌ ጉድጓድ ነው። ባዶ ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ አንዲት ፍሬ አልገባበትም።»

ቀባሪዎቹ እበቱን ፍቀው ጠፍጣፋውን ድንጋይ አነሡ። ጠባብ አፍ፣ ጥቁር ሆድ። ለብ ያለ የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። አሻግሬ አንገት ልብሱን አልጠመጠመም፤ ገመዱን አንሥቶ ለእሜቴ ዘረጋላቸው።

«እንግዲያው ይውረዱና ባዶነቱን ያሳዩን። እኔ እይዝልዎታለሁ።»

እሜቴ ወርቂቱ ወደ ኋላ ሸሹ። «አሁን? ሳይተነፍስ?»

«ባዶ ጉድጓድ ምኑ ይተነፍሳል?»

 አሻግሬ ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ሰደደ። ኩራዟ የጉድጓዱን አንገት አልፋ ጥቂት እንደ ወረደች እፍ እንዳሏት ድርግም አለች። አውጥቶ ለኩሶ ደገመ። ድርግም አለች።

«ባዶ ጉድጓድ ኩራዝ አያጠፋም። ኩራዝ የሚያጠፋው ታፍኖ የከረመ እህል ነው። ይህን ከዚህ የቆመ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ጉድጓድ ሲከፈት ሳይተነፍስ ማንም አይወርድም። የአዲስ አበባ ልጅ ግን አያውቅም። ዓይን የሚያየው ባዶ አየር ነው።» ድምፁ ተለወጠ፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ለድስትሽ ስትወርጂ ታስተነፍሺዋለሽ። ሊጠይቅሽ ሲመጣ ምን አልሽው? ስንዴውን ከአይጥ ላድነው ብዬ ጉድጓድ አገባሁት፣ ካላመንከኝ ውረድና እየው አላልሽውም? የሚታየውን ትቶ ያለውን ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥሪ የለም። ገመድም አሰርሽለት፤ ያመነሽ በገመዱ ነው። ሲሞት በዚያው ገመድ በበቅሎሽ አስጎትተሽ አወጣሽው፤ ጨለማን ለብሰሽ ከረሃብተኛ ሬሳ መሐል አስተኛሽው። ማንም እንደማይጠይቅ ታውቂያለሽና። ጫማውን ግን ረሳሽው።»

ወርቂቱ ወደ በሩ አየች። እጇን ይስሙ የነበሩ ፊቶች ሁሉ እዚያ ነበሩ።

«እኔ ባልኖር ስንታችሁ ታልቁ ነበር!» ጮኸች። «ባንድ ቀን ብሰጣችሁ ባንድ ቀን ያልቃል። ትንሽ ትንሽ እያልኩ አቆየኋችሁ!»

«ከገዛ ስንዴያቸው። የቀረውንስ?»

«ነጋዴ ወሰደው፤ ታዲያ እኔስ ልኑር እንጂ! ልጁን ለመንኩት። እህሉን እመልሳለሁ አልኩት። ‹መመለሱ አይበቃም፣ ሕዝቡ ይወቅ› አለኝ። እህሉንስ እመልስ ነበር፤ ስሜን ማን ይመልስልኛል?»

መሪጌታ በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ደጋግመው ጠረጉ። ብርሀንነሽ ያማሰለችበትን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ እያየች ወደ ግድግዳው ዞረች። ግራዝማች በላይ ብቻ ሳቁ። «አየህ?» አሉ። «እኔን ነበር የምትጸየፈኝ።»

«አሁንም እጸየፍዎታለሁ» አለ አሻግሬ።

የሸጋዬን ገመድ ፈቶ ወርቂቱን አሰረበት። ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህሉ… እህሉ ትእዛዝ እስኪመጣ ይታሸግ።»

«ጌታዬ፣ ረሃብ የለም ብለዋል እኮ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች እህሉን ምን እንዳያደርጉት ሰጉ?»

 ከበሩ የሚገፋው ሕዝብ የሹሙን መልስ የሚጠብቅ አልነበረም። ሽታው ደርሶታል። ለአሻግሬ የሚያስታውከው ሽታ ለእነሱ እንጀራ ነው። እየተንፏቀቁ፣ እየተደጋገፉ ወደ ጉድጓዱ አፍ መጡ።

«ቁሙ!» አሻግሬ እግሩን አንፈራጥጦ አፉ ላይ ቆመ። «ይገድላችኋል!»

«በረሃብ ከምሞት በእህል ልሙት!» አለ ያ ጽዋውን የጨለጠ ሽማግሌ፤ እግሩንም ጨበጠው።

ፖሊስ ሆኖ ብዙ ሰው ከብዙ ነገር አግዷል። የተራበን ሰው ከእህል ማገድ ግን ገና ዛሬ ነው። ራሱን ተጸየፈ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ኩራዟን ለኩሶ ሰደደ። ጠፋች። ሕዝቡ አቃሰተ። ጋቢ አምጥተው የጉድጓዱን አፍ አራገቡት፤ እንደገና ሰደደ። ጠፋች። አንዲት ሴት ድንጋይ ወረወረችበት፤ ትከሻውን መታው። የደሴው መኪና ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። እያራገቡ፣ እየሰደዱ፣ እየጠፋች ፀሐይዋ ወደ ዐባይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ኩራዟ ወረደች፣ ተወዛወዘች፣ ስንዴው ላይ ተቀመጠች። ነበልባሏ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔ ልውረድ» አለች ሸጋዬ። «ቀጭን ነኝ።»

ገመዱን በብብቷ ሥር ያሰረው አሻግሬ ራሱ ነው። ወረደች። መጀመሪያ የወጣው ቁና አይደለም፤ የወይራ ዘንግ ነው፣ ቀጥ ያለ። ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከዚያ ከታች ድምጿ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያፍር።

«ጌታዬ… አንዲት እፍኝ አፌ ውስጥ ባደርግ ሌባ እባላለሁ?»



«ብዪ!» አላት አሻግሬ፤ ገመዱንም በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።